ሸጋ፤ እንግዲያ እንሂድ

ቧንቧችን ውሃ ከመስጠቱ በፊት ይስላል። መጀመሪያ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ያጉረመርማል፤ ከዚያ ብርድ እንደመታው ሽማግሌ ደጋግሞ ይስልና ትንፋሹን ይተፋል፤ ከትንፋሹ ቀጥሎ ቀላ ያለ፣ ዝገት ዝገት የሚሸት ውሃ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ባልዲና ጀሪካን እያነሣ ይሮጣል፤ መምጣቱን በጆሯችን እንሰማለን እንጂ መቼ እንደሚሄድ የሚነግረን የለም። ሰሞኑንም እንዲሁ ሆነና፣ ቀዩ ውሃ እስኪጠራ ጎንበስ ብዬ ስጠብቅ የዝገቱ ሽታ እንደ ድሮው አፍንጫዬን ሞላው።

የልጄ ልጅ ሶልያና ከጎኔ ጠረጴዛው ላይ የዜግነት ትምህርት የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ጥያቄውን መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። በአካባቢያችሁ የሚታይ አንድ ችግር ምረጡ፤ ነዋሪዎችን ጠይቁ፤ መንስኤውንና መፍትሔውን ጻፉ ይላል። ጥያቄው ምንም አይወጣለትም። ልጅቱ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና ዓይኗን ሳታነሣ ጻፈች፦ ችግሩ የውሃ እጥረት፤ መንስኤው የሕዝብ ቁጥር መጨመርና የግንዛቤ ማነስ፤ መፍትሔው ግንዛቤ ማስጨበጥ። እኔ ከክንዷ አጠገብ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። በዚህ በጎንደር ከተማ ውሃ ስጠብቅ ዕድሜዬን የፈጀሁ ነዋሪ ነኝ። አልጠየቀችኝም።

«ግንዛቤ የሚጨብጠው ማን ነው? ቧንቧው ነው?» አልኋት።

«እማማ ደግሞ! መልሱ ይኸው ነው እኮ። ክፍላችን በሙሉ ይህንኑ ነው የጻፈ።»

በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎላት መጣች። እኔ ቁጡ ሴት አይደለሁም፤ ንግግርም አላበዛም። ያን ቀይ ጽሑፍ ካየሁ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ በሆዴ ከመምህር ዘለቀ ጋር ስከራከር ዋልሁ። መምህር ዘለቀ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ኅብረተሰብ ትምህርት ያስተማረን ሰው ነው። በሕይወቴ እንደ እሱ ያናደደኝ መምህር የለም።

ከዳባት ወዲያ፣ ከወገራ ገጠር የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። ጎንደር ከተማ ገብቶ፣ ኮሌጅ ተምሮ፣ ኮት ለብሶም የአገሩን አነጋገር አልተወም፤ እኛ የከተማ ልጆች «ሸጋ» ባለ ቁጥር በእጃችን አፋችንን ይዘን እንስቅበት ነበር። የኮቱ ኪሶች የጠመኔ ዱቄት ስለጠገቡ እጁን ሲያወጣ ዳቦ ጋጋሪ ይመስላል። ዘመኑ የደርግ ነው። ቀይ ሽብሩ አልፏል ይባል ነበር፤ አልፎም እንደሆነ ከበራፍ ብዙ አልራቀም። ትልቅ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ስብሰባ ላይ ግን ከፍ አድርጎ ያጨበጭባል።

ኅብረተሰብ ትምህርት በዚያን ጊዜ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የሚመጣ ትምህርት ነበር። ለድህነቱም፣ ለበሽታውም፣ ለመንገዱ ጉድጓድም መልሱ ያው ነው፦ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም። እነዚህን በቅደም ተከተል የጻፈ ልጅ አይወድቅም። እኔም ጎበዝ ነበርሁ፤ ትርጉማቸውን ዛሬም ድረስ በቅጡ ባላውቀውም ቅደም ተከተላቸውን አንድም ቀን አሳስቼ አላውቅም።

መምህር ዘለቀ ገብቶ መጽሐፉን ይገልጥና አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ይከድነዋል። ከዚያ «እንዴት ታወቀ?» ይላል። «ማን አየ? ማን ነገረው? የነገረውስ ሰው በምን አወቀ?» እያለ በመደዳዎቹ መካከል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመላለሳል። ማስታወሻ የለም፣ የሚገለበጥ የለም፣ ለፈተና የሚሸመደድ የለም። የጠየቅነውንም ነገር በጥያቄ ነው የሚመልስልን። «ጋሼ፣ ወደ ውጪ መውጣት ይቻላል?» ላለው ልጅ እንኳ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ይል ስለነበር፣ አንዱ ልጅ ነገሩን ሲያሰላስል ሱሪው ላይ ለቀቀው። ከሁሉ የገረመን ግን ሌላ ነው። በሌላ መምህር ክፍል «አላውቅም» ያለ ልጅ መዳፉን ዘርግቶ ልምጭ ይቀበል ነበር። እዚህ ግን «አላውቅም» ሲባል የሰውየው ፊት ይበራል። «ሸጋ!» ይላል፤ «እንግዲያ እንሂድ።» ከዚያ በእውነት ተነሥተን እንሄዳለን፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ሸማኔ ጉድጓድ፣ የሚያውቅ ሰው ወደሚገኝበት። ወሩ ሳያልቅ ነገሩ የክፍላችን ልማድ ሆነ። አንዱ «አላውቅም» ሲል መምህሩ አፉን ሳይከፍት ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ሸጋ! እንግዲያ እንሂድ!» ብሎ ይነሣል፤ ወንበሩ ሁሉ ሲንጓጓ የጎረቤት ክፍል መምህራን ግድግዳ ይደበድባሉ።

ወላጆቻችን ተማረሩ። በአገራችን ልጅ ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም። ጓደኛዬ አስካለ አንድ ቀን እናቷን «እኔ በጥምቀት ሰሞን መወለዴን በምን አወቅሽ?» ብትላቸው፣ እናቲቱ የያዙትን ሰፌድ አስቀምጠው «ስትወለጂ እዚያው ነበርሁ፣ የእኔ እመቤት!» አሏት፤ ይህ መልስ በሰፈሩ ዞሮ ለብዙ ጊዜ መሳቂያ ሆነ። የእኛ ቤት ግን አይሳቅበትም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንድ ጥዋት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም፤ እሱም መጠየቅ ይወድ ነበር። አባቴ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ «እንዴት ታወቀ?» ማለት ስጀምር ጋዜጣውን አጥፎ «ለዚህ ቤት አንድ ጠያቂ በቂ ነበር» አለኝ። ወሬ አቀባይ በየደጁ ባለበት አገር ልጅን መጠየቅ የሚያስተምር ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ሕፃን ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔም አልፈርድበትም።

በጋው ሲገፋ የሰፈራችን ቦኖ መድረቅ ጀመረ። የአሁን ልጆች ቦኖን አያውቁት ይሆናል፤ ሰፈርተኛ በሙሉ በጋራ የሚቀዳበት የውሃ ቧንቧ ነው። ቁልፉን የያዙት እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ውሃው ቀን ቆጥሮም ሳይቆጥርም ስለሚመጣ ሰው ሲጠብቅ አይውልም፤ በእሱ ፈንታ ድንጋይ ይሰለፋል። የእያንዳንዱ ቤት ድንጋይ ይታወቃል። የእኛ ጫፉ የተሸረፈ ነጭ ድንጋይ ነው፤ የእነ አስካለ የወፍጮ መጅ ስባሪ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚስት ድንጋይም እንደ ማንኛውም ድንጋይ እዚያው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይውል ነበር፤ ይህንን የምናገረው ሰውየው ውሃ ሰራቂ እንዳይመስልባችሁ ነው። ቧንቧው ሲስል ሰፈሩ በሙሉ እየሮጠ መጥቶ ከድንጋዩ ኋላ ይቆማል፤ ያን ጊዜ «ድንጋዬን ማን ገፋው» የሚል ጠብ ይነሣል፤ ጠቡ ሳያልቅ ውሃው ያልቃል።

አንድ ጥዋት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልጅ አርፍዶ ገባ፤ ሁሉም ውሃ ሲጠብቅ ነው የቆየ። መምህር ዘለቀ አልተቆጣም። ሰሌዳው ላይ «ውሃውን የሚዘጋው ማን ነው?» ብሎ ጻፈ። ጎበዞቹ እጃችንን አወጣን። እኔ «ኢምፔሪያሊዝም ነው» አልሁ። «መጥቶ ሲዘጋ አየሽው?» አለኝ። ተቀመጥሁ። ሌላው ፊውዳሊዝምን ሞከረ፤ ፊውዳሊዝም ከወደቀ ወዲህ ውሃው መጥፋቱ ለምን እንደባሰ ሲጠየቅ እሱም ተቀመጠ። በመጨረሻ አስካለ በቀጭን ድምፅ «ጋሼ፣ እኔ አላውቅም» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ተነሥተን ሄድን።

መጀመሪያ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድን። «ልጆቼ፣ እኔ ቁልፍ ነው እንጂ የያዝሁ ውሃ አልያዝሁ» አሉን። «ሲልኩት እከፍታለሁ፣ ሲተዉት እዘጋለሁ። የሚልከው ቀበሌ ነዋ! ምነው፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ቀበሌ ሄድን። የቀበሌው ጸሐፊ ግራ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ በአብዮታዊ ሰላምታ ተቀበለንና፣ ቀበሌ ሕዝብ ያደራጃል እንጂ ውሃ አያደራጅም፤ ውሃ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው አለን። ውሃ መሥሪያ ቤት አንድ ቆሎ የሚቆረጥም ሰውዬ አገኘን። እሱ ደግሞ ቧንቧ ማጥበቅና ማላላት የእሱ ሥራ መሆኑን፣ የትኛው ሰፈር መቼ ያግኝ የሚለው ግን ከበላይ አካል የሚመጣ መሆኑን አስረድቶ ለሁላችንም ከቆሎው ዘገነልን። የበላይ አካል ምን እንደሚመስል ለማየት ሁላችንም ጓጉተን ነበር። ቁመቱ ግንብ የሚያክል ነገር ጠብቄ ነበር፤ የተቀበለን ግን ካኪ የለበሰ ትሑት ሰው ነው። አስቀምጦ አነጋገረን። «የበላይ አካል በራሱ ምንም አይወስንም፣ ልጆች» አለ፤ «ከታች ከሰፊው ሕዝብ የሚመጣውን ነው የሚያጸድቅ። ቀበሌያችሁ ምን ብሎ ሪፖርት እንዳደረገ ጠይቁ።» ተመልሰን ቀበሌ ሄድን። አሁን ያገኘነው ሊቀ መንበሩን ራሱን ነው፤ አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት አናጢ የነበረ፣ ወረቀት ሲያይ የሚያልበው ሰው። ሪፖርት የምታደርገው እኮ ቦኖው ላይ ያለችው ሴትዮ ናት አለን።

እግራችን ዝሎ እትዬ ብርቄ ዘንድ ተመለስን። ሁሉንም ነገርናቸው። እትዬ ብርቄ ቁልፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙንና «አያችሁ?» አሉ፤ «ውሃችሁ የሚያልቀው እንዲህ ሲዞር ነው።»

መምህር ዘለቀ በዚህ ሁሉ መንገድ ከኋላችን እየተከተለ አንዲት ቃል አልተናገረም። ክፍል ስንገባ ያየነውን በትልቅ ወረቀት ላይ እንድንሥል አዘዘን። ቦኖውን ሣልን፤ ከእሱ ወደ ቀበሌ ቀስት፣ ከቀበሌ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ቀስት፣ ከዚያ ወደ በላይ አካል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ወደ ቦኖው። ስንጨርስ ክብ ሆነ። ክቡን አስበን አልሣልነውም፤ የሄድንበትን መንገድ ስንከተል በራሱ ነው የመጣ። ከላዩ «ውሃውን የሚዘጋው ማን ነው?» ብለን ጻፍን። ከታቹ መልስ አልጻፍንም፤ አልነበረንምና።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚፈሩ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ዘመን የሁለቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታይም ነበር። «መምህር ዘለቀ፣ ኢምፔሪያሊዝም የት አለ?» አሉት። «የት ላይ ይግባ?» አላቸው መምህሩ፤ በቅን ልቡ ነው የጠየቀ። ዲሬክተሩ ጣታቸውን በቀስቶቹ ላይ እያዞሩ ቦታ ፈለጉ፤ ጣታቸው ዞሮ ዞሮ ቦኖው ላይ ቆመ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ የአንተ ነገር» ብለው ወጡ።

በዚያው ሰሞን እሑድ ቀን የቀበሌው ስብሰባ ላይ የትምህርት ቤቱ ሥራ ለሕዝብ እንዲታይ ታዘዘ። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ካድሬ ይመጣል ተባለ። የሒሳብ መምህሩ ተማሪዎች ግጥም አጠኑ፤ ሌሎቹ መዝሙር አጠኑ። መምህር ዘለቀ ወረቀታችንን ጠቅልሎ መጣ። አዳራሹ ሞልቷል፤ እኛ ልጆች ከፊት መሬት ላይ ተቀምጠናል፤ አባቴ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ በየስብሰባው የሚቆመው በር አጠገብ ነበር። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል፣ አስካለ ተነሥታ ያየነውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ለማናችንም የሚያስፈራ ነገር አልመሰለንም። ያን ዓመት በፖለቲካ ትምህርት ሂስና ግለ ሂስ የአብዮታዊ ሰው ግዴታ ነው ተብለን ተምረናል፤ የተማርነውን አምነን ነበር።

ካድሬው ወጣት ነው፤ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ታዲያ የሚዘጋው ማን ነው?»

ሊቀ መንበሩ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ክቡን ከግራ ወደ ቀኝ አየው፣ ከቀኝ ወደ ግራ አየው። ምስኪን አናጢ ነው፤ መዋሸት እንኳ ሙያ ይጠይቃል። «እንግዲህ ጓድ» አለ በመጨረሻ፣ «እውነቱን ለመናገር… አላውቅም።»

«ሸጋ! እንግዲያ እንሂድ!»

ክፍላችን በሙሉ ነው። በአንድ ድምፅ ጮኸን፣ በአንድ ጊዜም ተነሣን። ዓመቱን ሙሉ የሠራነውን ነው የሠራን፤ «አላውቅም» ሲባል ሌላ ምን ይደረጋል? ከኋላ የእትዬ ብርቄ ሳቅ ፈነዳ፤ ከእሳቸው ሳቅ በኋላ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ዓመታት ሙሉ ያልሳቀ ሰው ሁሉ ነው የሳቀ። እኔ ዞር ብዬ አባቴን አየሁት፤ አይስቅም ነበር። ካድሬው ጠረጴዛውን መታና ሁሉም ጸጥ አለ፤ እኛ ግን ወደ በሩ ለመሄድ እንደተነሣን ቆመናል።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለ። ወደ መምህራኑ ዞረ። «ይህን ያስጠናቸው ማን ነው?»

መምህር ዘለቀ ተነሣ። «የእኔ ተማሪዎች ናቸው» አለ።

«ወዴት ነው እንሂድ የሚሉት? ሕዝቡን ወዴት ነው የምትጠራው?»

የዚያን ጊዜ ሰው የሆነ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። «ወደ ፊት!» ማለት በቂ ነበር። በዚያ ዘመን በማንኛውም ስብሰባ፣ ለማንኛውም ጥያቄ «ወደ ፊት!» ተብሎ እጅ ከተነሣ ይጨበጨባል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያችን አንዲት ቃል በልቡ ያቀብለው ነበር። አባቴ ደግሞ በልቡ ብቻ አልቀረም። በስብሰባ ላይ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው አባቴ፣ ከበሩ ወደ ፊት ሁለት ሰው አልፎ መጥቶ በጥርሱ መካከል «ወደ ፊት በል፣ አንተ ሰውዬ! ወደ ፊት በለው!» ሲል ሰማሁት።

መምህር ዘለቀም ሳይሰማው አልቀረም። ወደ አባቴ አየ፤ ወደ ክቡ አየ፤ ከዚያ ለካድሬው በትሕትና ጎንበስ ብሎ «መልሱን የሚያውቅ ሰው ወደሚገኝበት ነው የሚሄዱት» አለ። «እርስዎ ያውቁት ይሆን?»

ይኸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የተናደድሁበት ነገር ይኸው ነው። ሰው አንድ ጊዜ፣ አንድ ቀን፣ ነፍሱ በአፉ ላይ ስትንጠለጠል እንኳ ጥያቄውን ትቶ መልስ ቢሰጥ ምን አለ!

ከአዳራሹ ሳይወጣ ወሰዱት። የታሰረው እዚያው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ባለች ቆርቆሮ ክፍል ነው። ተማሪን አሳድሟል፣ አብዮቱን መሳቂያ አድርጓል የሚል ነገር ተነሣ፤ በዚህ ነገር ከጎንደር ስንት ሰው እንደተወሰደ ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ስሙን ከፍ አድርጎ አይጠራም ነበር። በከተማው ዘመድ ስላልነበረው ምግብ የሚወስድለት አልነበረም። ያን ጊዜ በልጆቻቸው ጥያቄ የተማረሩት፣ «ይህን ሰው አንሡልን» ብለው ለዲሬክተሩ የተናገሩት እናቶች ተራ ገቡለት። የአስካለ እናት በሰፌዳቸው ዳቦ ይዘው ሄዱ፤ በማግስቱ ሌላዋ ሄደች። የእኛ ቤት ተራ ሲደርስ እናቴ አገልግሉን ቋጥራ ለእኔ ልትሰጠኝ ስትል አባቴ ከእጇ ተቀበላት። ወንድሜን የፈለገው የዚያችው ቆርቆሮ ክፍል በር ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያች በር ዝር ብሎ አያውቅም። ሄደና ባዶውን አገልግል ይዞ ተመለሰ። «ምን አለህ?» አለችው እናቴ። «ወጡ ከምን እንደተሠራ ጠየቀኝ» አለ አባቴ ተበሳጭቶ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያዳነው ሊቀ መንበሩ ነው ይባላል። «ጓዶች፣ ይህ ሰው አሳዳሚ አይደለም፤ አሳዳሚ መልስ አለው፤ ይህ መልስ የሌለው ሰው ነው» ብሎ መሰከረ አሉ። ነፍሱን ማሩትና ከከተማው አራቁት፤ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን ተዛወረ። ያን ጊዜ ወደዚያ መዛወር ቅጣት መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከደባርቅ ወዲያ በቅሎና ብርድ ነው። የሄደ ዕለት ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ሊሰናበት እንዲገባ አልፈቀዱለትም። በመስኮት ብርድ ልብሱን በገመድ ተሸክሞ በግቢው ሲያልፍ አየነው። ቆመና ወደ መስኮታችን አየ። የሚያለቅሱ ልጆች ነበሩ፤ እኔ አላለቀስሁም።

በእሱ ፈንታ የመጣው መምህር ቀለሙ የሚያምር ማስታወሻ ይሰጠን ነበር። ጽፈን፣ ሸምድደን፣ ሁላችንም አለፍን። ወላጆች ተደሰቱ። ቦኖው ከስብሰባው በኋላ ትንሽ ቀን ሳይቋረጥ ፈሰሰ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ሆነ፤ ድንጋዮቹም ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። ዲሬክተሩ ወረቀታችንን አልቀደዱትም፤ ወረቀት ውድ ነበርና ጀርባውን ገልብጠው ለሚቀጥለው በዓል መፈክር አጻፉበት። በትልልቅ ፊደል «ተምረን እናስተምራለን» ይላል። ጧት ጧት ፀሐይ ከመስኮቱ ሲመታው ግን ክቡ ከመፈክሩ በስተጀርባ ብቅ ይል ነበር፤ ከቀስቶቹ ጋር።

ቤታችንም ጸጥ አለ። አንድ ማታ ራት ከበላን በኋላ አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገና «ዛሬ ምንም አልጠየቅሽም» አለኝ። የምጠይቀው እንደሌለ ነገርሁት። ጋዜጣውን መልሶ አነሣ፤ ገጹን ግን አልገለጠም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰውን ስምና ዕድሜ ስጽፍ ኖርሁ። ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ልጁን አዝሎ ከመስኮቴ ፊት ቆመ። ልጁ መቼ እንደተወለደ ጠየቅሁት። «አላውቅም» አለኝና፣ ከዚያ ለራሱ ፈገግ ብሎ «ሸጋ፤ እንግዲያ እንሂድ» አለ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት፤ ከመካነ ብርሃን ነው። ማን እንዳስተማረው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ መምህሩ የት እንዳለ ብቻ ጠየቅሁት። ደርግ የወደቀ ዓመት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ፤ «ወዴት እንደሄደ እንኳን እኔ ማንም የሚያውቅ የለም፣ እቴ» አለኝ። ከኋላው ሰልፉ ረጅም ነበር። ካርዱን ሰጠሁት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው ያችን «እጅግ በጣም ጥሩ» የምትል ወረቀት ያየኋት። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት፣ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ስም ያለው ትምህርት አየን። «ነዋሪዎችን ጠይቁ» የሚለውን አሁን መጽሐፉ ራሱ ያዝዛል፤ የሚታሰርበትም የለም። ጠያቂው ግን የለም። ያኔ መልሱን ከላይ ይልኩልን ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ራሳቸው ተሽቀዳድመው ያመጡታል። የትኛው እንደሚብስ እኔ አልፈርድም፤ መናደዴን ግን አልደብቅም።

ትናንት ቧንቧው እንደገና ሲስል ሶልያና ባልዲ ይዛ ከጎኔ ቆመች። ትንፋሹን ተፋ፣ ቀይ ቀይ ጠብታ ጣለ፣ ከዚያ ጭራሹን ዝም አለ።

«ለመሆኑ የሚዘጋው ማን ይመስልሻል?» አልኋት።

«የሕዝብ ቁጥር…» ብላ ጀመረች።

«መጥቶ ሲዘጋ አየሽው?»

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ስልኳ በእጇ የለም፤ ባልዲ ነው የያዘች። ቧንቧውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ግራ ገባት፣ ተቆጣችም። «አላውቅም!» አለች፤ «አላውቅም አልሁሽ እኮ፣ እማማ!»

«ሸጋ» አልኋት።

ቀጥሎ ያለውን ልል አፌን ከፈትሁ። ቦኖው ከፈረሰ ቆይቷል፤ እትዬ ብርቄ የሉም፤ ጉልበቴም እስከ በራፉ ነው የሚያደርሰኝ። ልጅቱ ባልዲዋን ይዛ ቀሪውን ትጠብቅ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ወዴት እንደምወስዳት ግን አላወቅሁም።